ጋሼ አፉን የዘጋ ሰሞን

አንድ የአስር ወር ሕፃን ምግብ አልበላም ብሎ አፉን ሲዘጋ ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ?

የእናቱ። ጥያቄው ገና ሳያልቅ መልሱ ምላሳችሁ ጫፍ ላይ ነበር። ቢበዛ ከመካከላችሁ አንድ ፍርድ አዋቂ ነኝ ባይ ጉሮሮውን ጠርጎ «የአባቱም ነው እንጂ!» ይላል፤ ብሎም ትልቅ ነገር የተናገረ ይመስለዋል። እንግዲያው ይህን ስሙና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

አባትየው ሳፋ ይሠራል። ሳፋ ይሠራል ሲባል እጅ የሚራቀቅበት ሙያ እንዳይመስላችሁ፤ ሳፋውን የሚሠራው ማሽኑ ነው። የሰውየው ድርሻ የማሽኑን በር መክፈት፣ ትኩሱን ሳፋ መንጭቆ ማውጣት፣ ጠርዙን በቢላ መላግ፣ በሩን መዝጋት፣ እንደገና መክፈት ነው። ሚስቱም ሳፋ ትሠራለች። እዚያው ፋብሪካ፣ እዚያው ማሽን ላይ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ እሷ ትቆማለች፤ ከዚያ እሱ ይረከባትና እስከ ሌሊት ይቆማል።

ማሽኑ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ መቆም አይወድም። ከቆመ ይቀዘቅዛል። ከቀዘቀዘ ጉሮሮው ውስጥ የቀለጠው ፕላስቲክ ድንጋይ ይሆናል፤ ያንን በመሮና በመዶሻ ፈልፍሎ ማውጣት ደግሞ የብዙ ሰው የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ፈረቃ ሲለወጥ ማሽኑን የሚያቆም የለም። ወጪው እጁን ሳያነሳ ገቢው እጁን ያስገባል። ባልና ሚስቱ ዓይን ለዓይን የሚተያዩት እዚህ ነው፤ አንዱ ሳፋ ወድቆ ሌላው እስኪወድቅ ድረስ። እሱ ሌሊት ሲገባ እሷ ተኝታለች፤ እሷ ጠዋት ስትወጣ እሱ ተኝቷል። የእረፍት ቀናቸው እንኳ አይገጥምም። ማሽኑ ዳር ጩኸቱ ጆሮ ስለሚበጥስ፣ የባልና ሚስቱ ወግ ሁሉ ቀስ በቀስ ተሸርሽሮ አንዲት ቃል ብቻ ቀርታለች።

«በላ?» ትላለች ሚስት፣ በከንፈሯ ብቻ።

እሱ ጣቶቹን ያነሳል፤ ልጁ የዋጠው ማንኪያ በጣት ይቆጠራል። እሷ ራሷን ትነቀንቅና ሽርጧን ፈትታ ትሄዳለች። ትዳራቸው ይህቺው ናት።

ልጁን «ጋሼ» ይሉታል። ገና ሲወለድ ግንባሩን ቋጥሮ ዙሪያውን ሲገላምጥ፣ ብድር ሊጠይቁት የመጡ ዘመዶች ያስቸገሩት ሽማግሌ ይመስል ነበርና ስሙ በዚያው ጸና። ጋሼ ወንበር የለውም። አንድ ጎኑ ተጣሞ በመውጣቱ የተጣለ ቀይ ሳፋ አለው፤ አባቱ ከፋብሪካ ለምኖ ያመጣለት። ብርድ ልብስ ተነጥፎለት እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። እጆቹን በሳፋው ጠርዝ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ አንድ አገር የሚገዛ ይመስላል።

አበላሉም እንዲህ ነበር። አባት ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ልጅ አጥቦ፣ ልብስ አጥቦ፣ አብስሎ ሲጨርስ የሥራ መግቢያው ደርሷል። ስለዚህ ጫማውን ያደርጋል፣ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ያነግታል፣ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጋሼ አፍ ውስጥ ማንኪያ ይከታል። ጋሼ የቻለውን ይውጣል። ቀሪው ሰዓት የአከራይዋ የእማማ ቁልፍ ነው፤ እናቱ እስክትመጣ ልጁን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የግቢውን ቁልፎች በሙሉ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ከሩቅ ይሰማሉ። እናትየዋም ስትመጣ አትቀመጥም። «ከተቀመጥኩ አልነሳም» ትላለች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ቆማ ታበላውና ከዚያ ትወድቃለች።

በዚህ መሃል ጋሼ ቀጠነ። አባቱ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ሲስተሯ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀምጣ አየችው፤ አባቱን አየችው።

«እናቱስ?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔም ልገባ ነው።»

«ታዲያ አብራችሁ የምትሆኑት መቼ ነው?»

«ማሽን ላይ» አለ።

ሲስተሯ አልሳቀችም። «ስማኝ ወንድሜ። ለእሱ ለብቻ፣ ለእናንተ ለብቻ ማብሰል ይቅር፤ ጊዜውም ጉልበቱም የላችሁም። አንድ ድስት ጣዱ። ጨውና ቃሪያ ሳይገባ የእሱን አውጡና በሹካ ጨፍልቁት፤ ከዚያ የራሳችሁን አጣፍጡ። ሦስታችሁም አብራችሁ ተቀመጡ። ረጋ ብላችሁ ብሉ፤ ስትበሉ ይያችሁ። ልጅ መብላት የሚጀምረው በዓይኑ ነው።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አትበለኝ። በሚቀጥለው ሚዛን ካልጨመረ እዚህ አስተኛዋለሁ። ካንዳችሁ ጋር።»

ሰውየው መንገዱን ሙሉ ያሰበው ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ነው። ካንዳችሁ ጋር። ፋብሪካው አይጠብቅም፤ ከልጁ ጋር የተኛው ሲመለስ ማሽኑ ላይ ሌላ እጅ ያገኛል። በአንድ ሰው ደመወዝ ደግሞ ያቺ አንዲት ክፍል ቤት እንኳ አትቆይም። ልጁ መብላት ነበረበት። በቃ።

የተባለውን አደረጉ፤ የሚችሉትን ያህል። አንድ ድስት ጣዱ። ድንች፣ ካሮት፣ ምስር ክክ፣ ጥቂት ሩዝ። ድስቱን ጠዋት የሚጥደው እሱ፣ ማታ የምታወጣው እሷ ስለሆነች፣ በክዳኑ መነጋገር ጀመሩ። ክዳኑ በደንቡ ከተከደነ ጨው አልገባም፤ ልጁ ከድስቱ ሊበላ ይችላል። ክዳኑ ከተገለበጠ ጨው ገብቷል፤ የልጁ ድርሻ አጠገቡ በሳህን ተቀምጧል ማለት ነው። ምን ይደረግ፤ ሰው አፍ ሲያጣ በክዳን ያወራል።

«አብራችሁ ተቀመጡ» የተባለውን ግን ከየት ያምጡት? በየተራቸው ተቀመጡ። ሰውየው በማግስቱ ቀደም ብሎ ተነሳ፣ ጫማውን አላደረገም፣ ቦርሳውን ሚስማሩ ላይ ተወው፣ ዱካ ስቦ ከሳፋው ፊት ለፊት ቁጭ አለ። ፊቱንም አፈካ፤ ሲስተሯ ረጋ ብላችሁ ብላለችና። ማንኪያውን ዘረጋ።

ጋሼ አፉን ዘጋ።

ቀድሞ ትንሽ ነበር የሚበላው፤ አሁን ጭራሽ። ከንፈሩን ወደ ውስጥ መጥጦ፣ እንግዳ ቤቱ ገብቶ ዝም ብሎ እንደተቀመጠበት ሰው አባቱን ያየው ጀመር። ማታ እናቱም ጫማዋን አውልቃ፣ እንቅልፏን እየታገለች ተቀመጠችለት። ያው ነው። በዚያ ሰሞን ማሽኑ ላይ «በላ?» ስትለው ጣት ማንሳቱ ቀርቶ ጭብጡን ማሳየት ጀመረ። የተጨበጠ እጅ፤ ምንም።

በዚህ ላይ የጨው ጣጣ መጣ። አንድ ቀን ሰውየው እንቅልፉ ሳይለቀው ድስቱን አጣፈጠና ትዝ ሲለው ደነገጠ፤ ደግነቱ የልጁን ቀድሞ አውጥቶ ነበር። ሳህኑን አጠገቡ አስቀመጠ፣ ክዳኑን ገልብጦ ሄደ። እማማ ቁልፍ ልጁን ሊወስዱ ሲገቡ የተገለበጠ ክዳን አዩ። «ምን ዓይነት አያያዝ ነው!» ብለው አቃኑት። ሳህኑንም ድመት እንዳይልሰው ወስደው የራሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። እናት መጣች፤ ክዳኑ ቀጥ ብሏል። ለልጇ ከድስቱ አወጣች። ጋሼ ለስንት ቀን የዘጋውን አፍ እሱም ሲያዛጋ ነው የከፈተው፤ አንዲት ማንኪያ ቀመሰና ፊቱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ሆነ። የእንቢታ ነገር መስሏት እሱን ተወችውና የራሷን ልታጣፍጥ ድስቱ ላይ ደግማ ጨው ጨመረች።

ሌሊት እሱ ገብቶ በላ። በማግስቱ ማሽኑ ላይ ከ«በላ?» በፊት ሌላ ቃል ተጮኸ።

«ባሕር ነው ያበላሽኝ!»

«አንተ ነህ ያበላኸኝ! ክዳኑ ቀጥ ብሎ ነበር!»

«ገልብጬዋለሁ!»

«አልገለበጥክም!»

ሳፋው ወደቀ፤ ሌላው ደረሰ፤ እሷ መሄድ ነበረባት። ጠብ እንኳ አንድ ሳፋ የሚፈጀውን ጊዜ አይበልጥም። የማን ጥፋት እንደሆነ ያወቁት እማማ ቁልፍ በሦስተኛው ቀን የሸተተ ሳህን ከቁም ሳጥን ሲያወጡ ነው። «እኔማ የደግ ሰው ሥራ ነው የሠራሁት» አሉ እማማ፣ ቁልፎቻቸውን እያቅጨለጨሉ። «የተገለበጠ ክዳን ጥሩ አይደለም። ቤት ይገለብጣል።»

«ቤቱማ ተገልብጧል እማማ» አለ ሰውየው።

ጨው ነው ያባሰበት፤ ይተወዋል ብለው ተጽናኑ። አልተወውም። ሚዛኑ እየቀረበ መጣ። ሰውየው ወደ ፈረቃ ኃላፊው ሄደ።

ይህን ኃላፊ ሠራተኛው በስተኋላው «ፉጨት» ይለዋል፤ ሲናደድ ከመጮኹ በፊት ያፏጫል። የራሱ የሆነ ፍርድ ቤትም አለው። ግቢው መግቢያ ላይ አንድ የእንጨት ሳጥን አስቀምጧል። የዘገየ ሰው በማግስቱ፣ ፈረቃው ሲሰበሰብ፣ ሳጥኑ ላይ ይወጣና ለምን እንደዘገየ ጮክ ብሎ ይናገራል። «በሰው ፊት መልስ!» ይላል ፉጨት። ሽማግሌው ጥበቃ ጥርሱን ታሞ፣ አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ ቀሚሷ በአውቶቡስ በር ተይዞ ተቀዶ፣ ሁሉም እየወጣ ጉዱን ተናግሯል። ከዚያ ይሳቅበታል፤ ከዚያ ይወርዳል። ሰውየው ሳጥኑ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከሁሉ የሚፈራው እሱን ነው።

«አለቃ፣ እኔንና ባለቤቴን አንድ ፈረቃ ላይ ብታደርገን» አለ። «ለጥቂት ጊዜ። ልጁ አብረን ስንበላ እንዲያየን ነው የተባለው።»

ፉጨት አፏጨ። «ሁለታችሁም ቤት ከሆናችሁ ማሽኑን ማን ያጥባው?»

«ሌላ ማሽን ላይ ከሰው ጋር ብንቀያየር...»

«ስማ። ልጅን መብላት የሚያስተምረው ረሃብ ነው። እኔን እናቴ ተቀምጣ አላበላችኝም፤ ይኸው አለቃ ሆንኩ።»

«ያስታውቃል» አለች ከወዲያ ሳፋ የምትደረድር ሴት፣ ቀና ሳትል።

ፉጨት ዞር ሲል ሁሉም ሳፋ ይደረድራል። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ሰውየው ሊረከብ ገብቶ፣ እጁን ወደ ማሽኑ ሲሰድ፣ ያ ለዓመታት ያልተቋረጠ ጩኸት ቀስ እያለ፣ እንደሚያቃስት በሽተኛ ወርዶ ወርዶ ጸጥ አለ። ሚስቱ ግን በልማድ አፏን ከፍታ ነበር።

«በላ?»

ቃሉ በጸጥታው ውስጥ አዳራሹን ሞላው። ሰው ሁሉ ዞረ። ድምጿን እንዲህ ጥርት ብሎ ከሰማው ስንት ጊዜው ነው! ጎርነን ብሏል፤ ደክሟል። እሱም በልማድ ጭብጡን አነሳ። የሳቀ አልነበረም።

ፉጨት በሩ ላይ ቆሞ ለፈፈ። «ማሽኑማ ሞቷል፤ መብራት ሲመጣ ተነስተን እንፈለፍላለን። ገቢዎች ወደ ቤት! ጡሩምባ ሲነፋ ግን በሩጫ! የዘገየ ሳጥኑን ያውቀዋል!»

አብረው ወጡ። መንገድ ላይ እርምጃቸው አልገጥም አለ፤ እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ይቀድማል፤ በማን ቀኝ ማን እንደሚሄድ እንኳ ረስተውት ነበር። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ደከመው።

«ምን እንሥራለት?» አለች።

«ያው ድንቹን።»

«አብረን?»

«አብረን ነው እንጂ። ሲስተሯ ያለችው እኮ ይኼው ነው።»

እማማ ቁልፍ ሁለቱን በአንድ በር ሲገቡ አይተው ደነገጡ። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ማሽኑ» አለች እናትየዋ።

ጋሼን በዙፋኑ አስቀመጡት። ቤቷ ሁለት ሰው ቆሞ እንዲሠራባት አልተሠራችም፤ እሱ ለውሃ ሲዞር እሷ ላይ ይወጣል፣ እሷ ለቢላ ስትዘረጋ ክርኗ ጎኑን ያገኘዋል። ቡታጋዙን አቀጣጠለ። እሷ ምስሩን አጠበች፤ እሱ ድንቹን ላጠ።

«አንተ፣ ድንቹን ነው ወይስ ልጣጩን የምንበላው? እንዲህ ነው በየቀኑ የምትልጠው?»

«በየቀኑ ማን አየኝ?»

«እኔ እኮ ድንቹ ሲያንስብኝ የጠረጠርኩት አይጥ ነበር።»

«አይጧ ነኝ። ካሮቱን አቀብይኝ።»

«በቁሙ ነው የምትከተው? ይታነቃል እኮ!»

«ድቅቅ እስኪል ይበስላል ብዬ ነዋ፣ እመቤት!»

እየተጣሉ አበሰሉ። ድስቱ ሲንተከተክ፣ ምስሩ ሲፈርስና ካሮቱ በማንኪያ ጀርባ ሲደቅ ቤቱ በእንፋሎት ተሞላ። የልጁን አወጡና በሹካ ጨፈለቁት። ከዚያ ጨው ገባ፤ ቃሪያ ገባ። እናትየዋ ክዳኑን አንስታ ልትገለብጠው ስትል እጇ አየር ላይ ቆመ። የሚነገረው ሰው አጠገቧ ነበር። ክዳኑን ዝም ብላ አስቀመጠችው።

ተቀመጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቦርሳቸው ሚስማር ላይ፣ ሳፋውን መሃል አድርገው። እሷ ጎረሰች። እሱ ጎረሰ። አላምጠው አሳዩት፤ «እምምም!» አሉለት። ጋሼ አንዴ አባቱን፣ አንዴ እናቱን አየ። እነዚህን ሁለት ሰዎች በየተራ ያውቃቸዋል፤ አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ምን ፈልገው እንደመጡ አልገባውም። ማንኪያው ሲቀርብ ከንፈሩን መጠጠ።

«ጋሼዬ፣ ለእናትህ።»

አፍ ዝግ።

«አንዲት ብቻ፣ ጌታዬ። እየው አባትህ ጨረሰልህ።»

ጋሼ ማንኪያውን በእጁ መትቶ ጣለው። ድንቹ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እናትየዋ ልትጠርገው እጇን አነሳች፤ መሃል መንገድ ላይ ግን ጉልበት አጣ መሰለኝ፣ እጇን ጭኗ ላይ መልሳ ጭንቅላቷን ከግድግዳው አስደገፈች። አላለቀሰችም። ማልቀስም እኮ አቅም ይጠይቃል።

«እኔ ጤና ጣቢያ አብሬው እተኛለሁ» አለች ዓይኗን ጨፍና። «ሥራውን እኔ ልተው። አንተ ያዝ።»

ሰውየው ድንቹን ከግድግዳው ጠረገ። በዚህ መካከል አምፖሉ ብልጭ አለና በራ። ወዲያው ከሩቅ ጡሩምባው ተነፋ።

ተነሳ። ምን ያድርግ? ጫማውን አደረገ። ቦርሳውን ከሚስማሩ አውርዶ ትከሻው ላይ አነገተ። በሩን ገርበብ አደረገና፣ አንድ ነገር ልበላት ብሎ ዞረ።

ጋሼ አፉን ከፍቷል። እንደ ወፍ ጫጩት፣ እስከ ጉሮሮው፣ ወደ አባቱ አንጋጦ።

«ሊያዛጋ ነው?» አለ።

እናትየዋ ዓይኗን ገለጠች። ከሳህኑ በማንኪያ ቀዳችና ከተተችለት። ጋሼ ዋጠ። እንደገና ከፈተ።

ሰውየው ደስታው አሸነፈውና ቦርሳውን ጥሎ ሳፋው አጠገብ ተንበረከከ። ልጁ አፉን ገጠመ። ሁለቱ ተያዩ። ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ቦርሳውን መልሶ አነገተ፣ ወደ በሩ ሄደ። አፉ ተከፈተ።

ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ሲገባቸውም ደስ አላላቸውም። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ምግብ ያየው ከሚሄድ ሰው እጅና ገና ቦርሳውን ካላወረደ ሰው እጅ ነው። ረጋ ብሎ የተቀመጠ ሰው ለእሱ እንግዳ እንጂ የሚያበላ አይደለም። ለእሱ መብላት ማለት የበሩ ገርበብ ማለት፣ የጫማው ኮቴ፣ የቦርሳው ማንገቻ ነበር። ሲስተሯ ያለችው ትክክል ነው፤ ልጅ በዓይኑ ይበላል። ያየውን ተምሯል።

«አትሂድ» አለች እናትየዋ፣ ጋሼን እያጎረሰች። «አትቀመጥም። እዚያው ቁም።»

«ጡሩምባው እኮ ተነፍቷል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሳጥን አለ።»

«ሳጥኑ ይጠብቅ። ሳህኑ እስኪያልቅ ቁም!»

ቆመ። እሷ በማንኪያ መሃል ላይ የእሱንም ሳህን አንስታ አቀበለችው፤ በር ላይ እንደቆመ፣ ቦርሳው ትከሻው ላይ፣ ጨው ያለውን ድንች በላ። እሷም ጎረሰች። ልጁም። ጡሩምባው ሁለተኛ ተነፋ። ሰውየው ከበሩ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ሳህኑን ጨርሶ አንድ ትልቅ ግሳት አገሳ፤ ያ የሽማግሌ ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። እንዲህ ሆኖ ነው ሦስቱ አንድ ድስት አብረው የበሉት።

በማግስቱ ፋብሪካው አሁንም ዝም እንዳለ ነበር። የማሽኖቹ ጉሮሮ በመሮ እየተፈለፈለ ስለነበር፣ ፈረቃ ሲለወጥ ወጪውም ገቢውም ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ቆመ። እናትየዋም ከወጪዎቹ ጋር ናት። ፉጨት አፏጨ፤ በጣቱም ሳጥኑን አሳየ።

ሰውየው ወጣ። ያን ያህል የፈራው ሳጥን ሲቆሙበት ዝቅተኛ ነው።

«በሰው ፊት መልስ! ለምን ዘገየህ?»

«ልጄ እየበላ ነበር።»

«ምን? በሬ?»

ግቢው ሳቀ።

«ድንች» አለ ሰውየው። «ድንችና ካሮት፣ ምስር፣ ሩዝ። ልጄ ስቀመጥለት አይበላም። ጫማ አድርጌ፣ ቦርሳ አንግቼ፣ በር ላይ ስቆም ነው የሚበላው። ምግብ የሚሰጠው ሰው ሊሄድ ሲል መስሎታል። ማን አስተማረው? እኔና እናቱ ነን። ስለዚህ ሳህኑ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩት። የዘገየሁት ለዚህ ነው።»

ሳቁ ቀረ። ከኋላ አንድ ሹፌር ዝቅ ባለ ድምፅ «የኔዋ ልጅ ደግሞ ድምፄን በስልክ ካልሰማች ማንኪያ አታስጠጋም» አለ። ያቺ ሳፋ የምትደረድር ሴትም ራሷን ነቀነቀች።

«ጨረስክ? ውረድ!» አለ ፉጨት።

«የእኔን መልሻለሁ» አለ ሰውየው። ወረደ፤ ግን ከሳጥኑ አጠገብ አልራቀም። «አሁን አንተ ውጣ። ባልና ሚስት ለምን በአንድ ፈረቃ እንደማይመደቡ ለሰው ንገር።»

ፉጨት ሊያፏጭ ከንፈሩን አሾለ፤ ድምፅ አልወጣም። «ፈረቃውን የማወጣው እኔ አይደለሁም። ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ቅሬታ ካለህ ቢሮ ግባ።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ መስኮት አየ። መጋረጃው ተነቃነቀና መልሶ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ከወጪዎቹ መሃል ሚስቱ መጣች። ሽርጧን አልፈታችም፤ እጇ በመሮው ተልጧል። ማሽን አይጮኽምና ድምጿ እስከ መስኮቱ ድረስ ተሰማ።

«ቢሮ አንገባም! ቢሮ የተባለው ቢሮ ይቀራል። ጥርሱን የታመመው እዚህ ቆሞ ተናግሯል፤ ቀሚሷ የተቀደደው እዚህ ቆማ ተናግራለች፤ ባሌም የልጁን ጉድ እዚህ ተናግሯል። ማሽኑ እንዳይቀዘቅዝ የእኛ ልጅ ለምን ቆሞ ከሚሄድ ሰው እጅ እንደሚበላ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ሳጥኑን እንዳታነሱት! ይውረዱና እዚህ ላይ ይቁሙ፤ እኛ እንደመለስነው፣ እሳቸውም በሰው ፊት ይመልሱ!»